ወራሪ አምባገነን ሲነሣ መሪ ምን ያደርጋል?

ድሬዳዋን በዓይናችን ያላየን ብንኖር እንኳ ስሟን ያልሰማ የለም። ከተማዋ ቆላ ናት፤ ሙቀቷ ብርቱ ነው። መካከሏን ደቻቱ የሚባል ወንዝ ይከፍላታል። ወንዝ እንበለው እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። በደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል ግን ሳይታሰብ ይሞላል። ከወንዙ በአንዱ በኩል መጋላ፣ በሌላው በኩል ከዚራ አለ። የባቡር ጣቢያው የሚገኘው በከዚራ በኩል ነው።

ከተማዋን የወለዳት ይህ ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ ሌላ ጣቢያ ነው። በዚያ ዘመን ግን ኢትዮጵያ ወደ ባሕር የምትወጣበት ዋናው በር ይህ ሐዲድ ነበር። ቡና የሚወጣው፣ ጨርቅና ጥይት የሚገባው በድሬዳዋ በኩል ነበር። እንግዲህ ድሬዳዋን የያዘ ሰው የአገሪቱን ጉሮሮ ያዘ ማለት ነው።

በ41 ዓመት ውስጥ ሁለት የውጭ አገር አምባገነኖች ይህችን ጉሮሮ ሊይዙ ጦር ላኩ። የመጀመሪያው የጣሊያኑ ሙሶሊኒ ነው። ከሰሜንና ከደቡብ የዘመተው ጦሩ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ተገናኘ፤ ከተማዋንም ያዘ። ሁለተኛው የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ነው። የእርሱ ጦር በነሐሴ 1969 ዓ.ም. እስከ ከተማዋ ዳርቻ ደረሰ፤ ግን አልገባም። አንዱ ገባ፣ አንዱ ሳይገባ ተመለሰ። ለምን? የጊዜው መሪዎቻችን ምን አደረጉ? ምንስ ሳያደርጉ ቀሩ? በዚህ ጽሑፍ የምናየው ይህን ነው። የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በእኛው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ ቃሉን እናስረዳ። አምባገነን ማለት ሥልጣንን ብቻውን ጨብጦ የያዘ፣ ሕግም ሸንጎም የማይገታው ገዢ ነው። አምባገነን ሁሉ የጎረቤት አገር አይወርም። በገዛ ሕዝቡ ላይ ብቻ የሚጨክን አለ። ወራሪው ዓይነት ግን ክብርን ወይም መሬትን ከውጭ አምጥቶ ለሕዝቡ ሊያሳይ ይፈልጋል። ዳቦውን ማብዛት ሲያቅተው ካርታውን ሊያሰፋ ይነሣል።

ገበሬ እንዲህ ያለውን ሰው ያውቀዋል። በእርሻ ወሰን ላይ ያለውን ድንጋይ በየክረምቱ በስንዝር በስንዝር የሚያራምድ ጎረቤት በየቀበሌው አይጠፋም። በመጀመሪያ ዓመት ብንጠይቀው «በሬው ነው የገፋው» ይላል። በሁለተኛው ዓመት «ይህ ድሮም የአያቴ ነበር» ይላል። በሦስተኛው ዓመት ዱላ ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለ ጎረቤት የገጠመው ሰው ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይሰበስባል። ዘመድ ይጠራል። ለክፉ ቀን ደግሞ ዱላውን ከጥግ ያኖራል። የአገር መሪም ያለው መንገድ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ገበሬው ቢሳሳት የሚያጣው እርሻውን ነው፤ መሪ ቢሳሳት የሚጠፋው የሌሎች ሰዎች ልጆች ሕይወት ነው።

አሁን ወደ ሙሶሊኒ እንምጣ።

ቤኒቶ ሙሶሊኒ በ1915 ዓ.ም. የጣሊያንን ሥልጣን ያዘ። የእርሱ ፓርቲ ፋሺስት ይባል ነበር። ጣሊያን በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሸነፈችበትን ቁስል እየነካካ ሕዝቡን ያነሣሣ ነበር። ደግሞም በ1920 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራርሟል። ውሉ ግን ሰባት ዓመት እንኳ በወጉ ሳይሞላው ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን ውስጥ ወልወል በተባለ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ጣሊያኖች ከኢትዮጵያ ወታደሮች ጋር ተታኮሱ። ወልወል ከድንበሩ ብዙ ወደ ውስጥ የገባ የኢትዮጵያ መሬት ነው። እንዲህም ሆኖ ሙሶሊኒ «ይቅርታ ጠይቁኝ፤ ካሣም ክፈሉኝ» አለ። ድንጋዩን የገፋው ሰው ራሱ ከሳሽ ሆነ ማለት ነው።

ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በዚህ ጊዜ የመረጡት የሽማግሌውን መንገድ ነው። በዚያን ዘመን በስዊዘርላንድ አገር በጄኔቫ ከተማ የመንግሥታት ማኅበር የሚባል ሸንጎ ነበር። የዛሬው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ታላቅ ወንድም እንበለው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዚህ ማኅበር አባል ሆና ገብታለች። ጣሊያንም አባል ነበረች። የማኅበሩ ሕግ «አንዱ አባል ሲወረር ሌሎቹ ዝም አይሉም» የሚል ነበር። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታቸውን ወደ ጄኔቫ ላኩ። ጠብ ጫሪ እንዳይባሉም ጦራቸው ከድንበሩ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲመለስ አዘዙ።

ይህ ትክክል ነበር ወይስ ስሕተት? ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኛ እንደሚመስለን ሽማግሌ መጥራቱ ትክክል ነበር። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ዓለም ሁሉ በግልጽ ያወቀው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ ሌላ ነበር። ሽማግሌዎቹ እየተማከሩ ሳለ ጣሊያን በስዌዝ ቦይ በኩል ወታደር፣ መድፍ፣ መኪናና አውሮፕላን ወር በወር ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ ታጓጉዝ ነበር። ይህን ያላየ መንግሥት አልነበረም። ኢትዮጵያ ደግሞ መሣሪያ ልግዛ ብትል የራሷ ወደብ የላትም። እንግሊዝና ፈረንሣይ መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ጅቡቲ የፈረንሣይ ናት። ሐዲዱም የፈረንሣይ ኩባንያ ነው። ይህ የድሬዳዋ ጣቢያ በዚያ ክፉ ዓመት የሌላ ሰው ቁልፍ የተንጠለጠለበት በር ነበር። ዘመድ ብለን የቆጠርናቸው መንግሥታት ሙሶሊኒን ማስቀየም አልፈለጉም። የጀርመኑ ሂትለር እየበረታ ስለመጣባቸው ጣሊያንን ከእነርሱ ጋር ሊያቆዩ ያስቡ ነበር። ለዚህም ዋጋ ሆና የቀረበችው ኢትዮጵያ ናት።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። የክተት አዋጅ የታወጀው በዚያው ቀን ነው። በዚያው ሳምንት የመንግሥታት ማኅበር ጣሊያንን ጥፋተኛ አደረገ። በኅዳር ወርም ከጣሊያን ጋር የሚደረገው ንግድ በከፊል እንዲቋረጥ ተወሰነ። ነገር ግን ነዳጅ አልተከለከለም፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም። አውሮፕላኑና ታንኩ የሚንቀሳቀሰው በነዳጅ ነው። ጦሩ የሚያልፈው በስዌዝ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሳይነኩ ቀሩና ወራሪውን የማያቆም ቅጣት ሆነ። ይባስ ብሎ በኅዳር ወር መጨረሻ የእንግሊዝና የፈረንሣይ ሚኒስትሮች ከኢትዮጵያ መሬት ብዙውን ቆርሰው ለጣሊያን ሊሰጡ በምስጢር ተዋዋሉ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ የእንግሊዙ ሚኒስትር ሥልጣኑን ለቀቀ። ንጉሠ ነገሥቱም ውሉን አልቀበልም አሉ። ሩብ መሬቱን የሰጡት ወራሪ በሚቀጥለው ዓመት ለቀሪው እንደሚመለስ የእርሻ ድንበር ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ከአባቶቹ ሰምቶታል። የመርዝ ጢስ ከአውሮፕላን ወረደ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦራችን ተሸነፈ። በአዲስ አበባ ምክር ተቀመጠ። አብዛኞቹ መኳንንት ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጄኔቫ ሄደው ይሟገቱ አሉ። እነ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ግን ንጉሥ አገሩን ጥሎ አይወጣም ብለው ተቃወሙ። በመጨረሻ ሚያዝያ 24 ቀን ባቡሩ ንጉሠ ነገሥቱን ይዞ ከአዲስ አበባ ተነሣ። ድሬዳዋን አልፎ ጅቡቲ ገባ። በሳምንቱ የጣሊያን ጦር ይህችኑ ጣቢያ ያዘ።

መሪው መሄዳቸው ሽሽት ነበር የሚል አለ። መሄዳቸው ጠቀመ የሚልም አለ። እኛ ሁለቱም እውነት አላቸው እንላለን። በአገር ውስጥ ትግሉን አምስት ዓመት ሙሉ በእሳት ውስጥ ያቆዩት አርበኞች ናቸው። መሪያቸው አጠገባቸው አልነበሩም። በሌላ በኩል ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ የተሰማው ንግግር የኢትዮጵያን ጉዳይ ከሞት አተረፈው። ማኅበሩ በዚያን ቀን የረዳን ነገር የለም፤ እንዲያውም በሐምሌ ወር በጣሊያን ላይ የጣለውን ቅጣት አነሣላት። ይሁን እንጂ የጣሊያንን ወረራ ያልተቀበሉ ጥቂት አገሮች ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ ሜክሲኮ ናት። በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ በስሟ የተጠራው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግሊዝ የረዳችን መቼ ነው? በሰኔ 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ራሷን እንግሊዝን ሲወጋት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ! ድሬዳዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ወራሪ ከባሕር ማዶ አልመጣም፤ የጎረቤት አገር መሪ ነው። ዚያድ ባሬ የጦር መኮንን ነበር። በጥቅምት 1962 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥት የሶማሊያን ሥልጣን ያዘ። በሶማሊያ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያለው ኮከብ አምስት ጫፍ አለው። ከአምስቱ አንዱ የኢትዮጵያ ኦጋዴን ነው ይሉ ነበር። ሌላው ጅቡቲ፣ ሌላው የኬንያ ሰሜን ምሥራቅ ነው። «ሶማሊኛ የሚናገር ሁሉ በአንድ መንግሥት ሥር ይሁን» የሚል አሳብ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። ሶማሊኛ መናገር ጥፋት አይደለም። በድሬዳዋ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌውና ዐረቡ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ። ብዙው የድሬዳዋ ሰው ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይችላል። ጠቡ የዚያድ ባሬ መንግሥት ነበር። ይህን የማይለይ መሪ በአንድ ጠላት ላይ ሌላ ሺህ ጠላት ይጨምራል። በዚያ ጦርነት ጊዜ መንግሥት በሶማሊኛ ተናጋሪው ዜጋ ላይ ያሳየው ጥርጣሬ ይህን የመሰለ ጉዳት አድርሷል። በመቶ ሺህ የሚቆጠር የኦጋዴን ሕዝብ ቀዬውን ትቶ ወደ ሶማሊያ ተሰድዷል።

የሽማግሌውን ነገር እናንሣ። በሐምሌ 1956 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ካይሮ ላይ ተሰብስበው አንድ ውሳኔ አሳልፈው ነበር። ከቅኝ ግዛት የወረስነው ድንበር ምንም ቢያስከፋን እንዳለ ይቆይ፤ አለዚያ አፍሪካ ሁሉ ትተላለቃለች የሚል ነው። ሶማሊያ አልቀበልም አለች። ይህ ወረቀት በጊዜው ተራ ወረቀት ይመስል ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ ግን ብዙ ጠቀመ። አብዛኛው የአፍሪካ አገር ዚያድ ባሬን ሊደግፍ አልቻለም። አሜሪካም ጦሩ በሌላ አገር መሬት ላይ እያለ መሣሪያ ልትሰጠው አመነታች። ጄኔቫ ላይ ያጣነውን ካይሮ ላይ በጥቂቱ አገኘነው ማለት ነው።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደግሞ የኩባው መሪ ፊደል ካስትሮ ሽምግልና ጀመሩ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ዚያድ ባሬን በደቡብ የመን ዋና ከተማ በዓደን አገናኙ። በአንድ ኅብረት ሥር ብትሆኑስ አሏቸው። ዚያድ ባሬ እንቢ አለ። ጊዜው ለእርሱ የተመቸ መስሎት ነበር።

ለምን መሰለው? ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። የኢትዮጵያ ቤት በዚያ ዓመት እየነደደ ነበር። በጥር 1969 ዓ.ም. የደርግ መሪዎች እርስ በርስ ተገዳድለዋል። በከተሞች ወጣቱ በጥይት ያልቅ ነበር፤ ቀይ ሽብር ተብሎ የሚታወቀው ነው። በኤርትራ ጦርነት አለ። መሣሪያ ስትሰጠን የኖረችው አሜሪካ ቀርታለች፤ የሶቪየት ኅብረት ወዳጅነት ገና መጀመሩ ነው። ከእርሱ በኩል ደግሞ ሶቪየቶች ዓመታት ሙሉ ያስታጠቁት ጦር አለ፤ ታንኩ ከኢትዮጵያ ይበልጥ ነበር። ወራሪ የሚመጣው ቤት የተከፈለበትን ቀን ጠብቆ ነው። ይህን የከፈለው ደግሞ ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ የራሳችን መሪዎችም ናቸው። አምባገነንን የሚጋፈጠው ሰው ራሱ አምባገነን ሲሆን የቤቱ ግድግዳ አስቀድሞ ይሰነጠቃል።

በ1969 ዓ.ም. የባቡሩ ድልድዮች ፈረሱ። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ቆመ። በሐምሌ ወር የሶማሊያ መደበኛ ጦር ድንበር ተሻግሮ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ አብዛኛውን ኦጋዴን ያዘ።

ነሐሴ 11 ቀን ድሬዳዋ ላይ ደረሰ። ታንክና መድፍ ይዞ ነው የመጣው። የሚፈልገው የታወቀ ነው፤ ጣቢያው፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ከሁሉም በላይ የአየር ኃይሉ ሰፈር። ድሬዳዋን ቢይዝ አውሮፕላኖቹ የሚነሡበት ሜዳ ይጠፋል፤ ሐረርም ብቻዋን ትቀራለች። ከተማዋን የጠበቁት በብዛት ሚሊሺያዎች ነበሩ። የያዙት ታንክ በጣት የሚቆጠር ነበር። ሚሊሺያ ማለት ደግሞ ማን ነው? ገበሬ ነው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. መንግሥት የእናት አገር ጥሪ ብሎ ሲያውጅ ከየክፍለ ሀገሩ 300 ሺህ ያህል ሰው ተጠራ፤ አብዛኛው አራሽ ነው። በአዲስ አበባ አጠገብ በታጠቅ የጦር ሰፈር ጥቂት ወር ሰለጠነና ወደ ግንባር ተላከ። ሐምሌና ነሐሴ የአረም ወር መሆኑን አንረሳም። በዚያ ክረምት የስንቱ ማሳ ሳይታረም ቀረ! ስንቷ ሚስት ሞፈር ጨበጠች!

ውጊያው ሁለት ቀን ፈጀ። ሚሊሺያው ምሽጉን አለቀቀም። አውሮፕላኖቻችን ከዚያው ከከተማው አየር ሰፈር እየተነሡ የጠላትን ታንክና መድፍ መቱ። እየመቱ፣ ተመልሰው ጥይት እየጫኑ፣ እንደገና ይነሡ ነበር። ነሐሴ 12 ቀን የዚያድ ባሬ ጦር ተመታና አፈገፈገ። ድሬዳዋን ከዚያ በኋላ አላገኛትም። ጦርነቱ ግን ገና ነበር። መስከረም 2 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ በሶማሊያ እጅ ወደቀች። እንዲያውም ከወደቁት ሁሉ የከፋው የጅጅጋ መውደቅ ነበር፤ የካራማራን በር ለቅቀን ነበርና።

አሁን የዘመድ ነገር ይመጣል። ሶቪየት ኅብረት በዚያ ጊዜ የሁለቱም ወዳጅ ነኝ ትል ነበር። ለሶማሊያ የቆየ ወዳጅ ናት፤ ለኢትዮጵያም መሣሪያ ጀምራለች። ዚያድ ባሬ በዚህ ተቆጣ። ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም. የሶቪየት አማካሪዎች በሙሉ ከአገሬ ይውጡ አለ። በቁጣ የተናገረው ቃል ጦርነቱን አስጣለው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሜሪካ ትተካልኛለች ብሎ ነበር፤ አልተካችለትም። ሶቪየቶች ግን መሣሪያውን በአውሮፕላንና በመርከብ ወደ ኢትዮጵያ አጎረፉት። ከ10 ሺህ የበለጡ የኩባ ወታደሮችም መጡ። የሶማሊያን ጦር ያሠለጠኑት መኮንኖች አሁን በእኛ በኩል ቆሙ፤ የጓዳውን ምስጢር ያውቁታል።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። የሶማሊያ ጦር በካራማራ በር ላይ ሆኖ ሲጠብቅ የኢትዮጵያና የኩባ ጦር ተራራውን በሰሜን በኩል ዞሮ ከኋላው መጣበት። ዚያድ ባሬ በጥቂት ቀን ውስጥ ጦሬን አስወጣለሁ ብሎ አወጀ።

ከዚህ በኋላ አንድ የሚመሰገን ነገር ተደረገ። ያሸነፈው ጦር ድንበሩ ላይ ቆመ። መቋድሾ ድረስ እንሂድ ያለ አልጠፋም ነበር፤ መንግሥት ግን አልሻገርም ሲል ለዓለም የሰጠውን ቃል ጠበቀ። ቢሻገር ኖሮ በአንድ ቀን ተወራሪው ወራሪ ይባል ነበር። የካይሮው ወረቀት ከእጃችን ይወጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተደረገውን ግን አናመሰግንም። ድል የተገኘበት ቀን የመታረቂያውም ቀን ነበር። በውስጥ የተከፋውን ወገን ለማነጋገርም ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልተገኘም። መንግሥቱ ያንን ጦር ወዲያው ወደ ሰሜን አዞሩት። በኤርትራ ሌላ ጦርነት ቀጠለ። ለጦር መሣሪያ የተበደርነው ዕዳ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሆነ። ያ ሁሉ ገንዘብ ማረሻም፣ የውኃ ጉድጓድም አልሆነም። ከሶማሊያም ጋር እርቅ አልወረደም። ዚያድ ባሬ የኢትዮጵያን አማፅያን ይረዳል፤ መንግሥቱ የሶማሊያን አማፅያን ይረዳሉ። እያንዳንዱ በጎረቤቱ ጎተራ እሳት ይጭራል። እንዲህ ሆኖ ዐሥር ዓመት አለፈ።

በጥር 1978 ዓ.ም. ሁለቱ መሪዎች ጅቡቲ ላይ በአንድ ስብሰባ ተገናኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ውል ተፈራረሙ። ጦራቸውን ከድንበር ሊያርቁ፣ አንዱ የሌላውን አማፂ መርዳት ሊያቆም፣ ምርኮኞችን ሊለዋወጡ ተስማሙ። ይህ ሁሉ በ1970 ዓ.ም. ሊጠየቅ ይችል ነበር። ሁለቱም የተስማሙት ግን ልባቸው ስለ ራራ አይደለም፤ በየቤታቸው አማፂ ስለ በረታባቸው ነው። ቢሆንም ውል ውል ነው። ከጠላት ጋር መፈራረም ለመሪ ውርደት ሆኖ አይታየንም። ውርደቱ ዐሥር ዓመት መዘግየቱ ነው።

ውሉ በተፈረመ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሶማሊያ አማፅያን ወደ ሰሜን ሶማሊያ ገቡ። ዚያድ ባሬም የገዛ ከተማውን ሐርጌሳን በአውሮፕላንና በመድፍ አስደበደባት። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሕፃናቱን አዝሎ ሸሸ። ወዴት ሸሸ? ወደ ኢትዮጵያ! በጅጅጋ አጠገብ በሐርቲሼክ ሰፈረ። ሶማሌን ነፃ አወጣለሁ ብሎ በታንክ የመጣበት ምድር እርሱን ለሸሹት ሶማሌዎች መጠጊያ ሆነ። በ1983 ዓ.ም. ሁለቱም መሪዎች ከየዋና ከተማቸው ኮበለሉ። ዚያድ ባሬ በጥር፣ መንግሥቱ በግንቦት።

ምርኮኞቹ የተመለሱት በነሐሴ 1980 ዓ.ም. ነው። ብዙዎቹ የተማረኩት በ1969 እና በ1970 ነበር። መካከላቸው አውሮፕላኑ የተመታበት የአየር ኃይል ሰው አለ፤ ከታጠቅ የወጣ ገበሬም አለ። ዐሥራ አንድ ዓመት ታስረው ቆይተዋል። ከእነርሱ መካከል ሞቷል ተብሎ ተዝካሩ የተበላለት ሰው አይጠፋም። ጥሎት የሄደው ጡት የሚጠባ ልጅ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሆኖ ጠበቀው። በዚያው ሰሞን ከእኛ እጅ የነበሩት የሶማሊያ ምርኮኞችም ወደ እናቶቻቸው ሄዱ።